ባዶ ያልነበረው ማሽን

ባለቤቴ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በትንሽ መስኮት በኩል የሰው ስም ስትቀበል፣ ከመደርደሪያ ካርድ ስትፈልግ ኖራለች። ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች፤ የካርድ አቧራ ከምግብ ጋር አይሄድም ትል ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቄ ነው፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ መተኮሻ ጠረጴዛው ግድግዳው ጋ። የጠረጴዛው ግማሽ የሷ ነበር። እኔ ሱሪ ስተኩስ እሷ በስተግራ አሮጌ ላፕቶፕ ከፍታ ትቀመጣለች። እንፋሎቱ ስክሪኗን ሲሸፍነው በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ይተኮሳል እንጂ አይቀቀልም" ትለኛለች።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው ሥራ ደመወዝ አልነበረውም። የጀመረው በአንድ የቅሬታ ደብዳቤ ነው። ጤና ጣቢያው ካርድ በኮምፒውተር ይያዝ ሲባል የመጣው ፕሮግራም ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ የተበላሸ ካገኘም ያርመዋል። የሚሠሩት በየቦታው ተበትነው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ራሳቸውን ማኅበር ይላሉ። ባለቤቴ፣ "መመሪያችሁ ስድስተኛው ተራ ላይ ስህተት አለው" ብላ ስትጽፍላቸው፣ "እንግዲያው አንቺው አስተካክይው" ብለው መለሱላት። ሁለት ቀን ሙሉ "የነሱን ሥራ ለኔ!" እያለች ስትንጨረጨር ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን አስተካክላ ላከችላቸው። ከዚያ ወዲያ ለአሥራ አንድ ዓመት ከማኅበሩ አልወጣችም።

ከዋናው ፕሮግራም ጎን ሌሎች ሰዎች የሠሯቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ቀጠሮ ይይዛል፣ አንዱ የመድኃኒት ክምችት ይቆጣጠራል፣ አንዱ ወረቀት ያትማል። ብዛታቸው ማለቂያ የለውም። ማኅበሩ ከነዚህ ጥቂቱን መርጦ በራሱ ስም "እነዚህን እንመክራለን" የሚልበት አንድ ገጽ አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው የሚገባውንና የሚወጣውን ይወስናሉ። ገጹ ላይ የሰፈረ ፕሮግራም በየጤና ጣቢያው ይጫናል። ያልሰፈረው የቱንም ያህል ቢያምር ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የመምረጫውን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። አንድ ፕሮግራም ሲቀርብ ያልሠራው ሰው፣ ምንም ባልተጫነበት ባዶ ማሽን ላይ፣ መመሪያውን ብቻ እያነበበ ይጭነዋል። ሠሪውን መጠየቅ ክልክል ነው። አንድ ጥያቄ ከተጠየቀ ፕሮግራሙ ወደቀ፤ እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላም ሠሪው አንዲት ፊደል መንካት አይችልም። "ጭር ያለ ጣቢያ ውስጥ ብቻዋን ያለች ነርስ ማንን ትጠይቃለች?" ትል ነበር። ሌሎቹ ስለ ፕሮግራሙ ማማርና መፍጠን ሲከራከሩ እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ባዶ ማሽን ላይ ተሞክሯል?" በዚህ የተነሣ ስሟ እትዬ ባዶ ሆነ። በደብዳቤ ሳይቀር "ውድ እትዬ ባዶ" እያሉ ይጽፉላት ነበር። ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

ባዶ ማሽን የምትለው ያንኑ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ጠራርጋ ታጠፋውና፣ የሸሚዝ ቁልፍ ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ቀይ ፍላሽ አውጥታ፣ ፍላሿ ላይ ካለው ንጹሕ ቅጂ እንደ አዲስ ታስነሣዋለች። ማኅበሩ ለየጣቢያው የሚልካቸው ማሽኖችም የሚዘጋጁት ከዚችው ቅጂ ነበር። ቁልፍ ፍለጋ ቆርቆሮውን በከፈትኩ ቁጥር፣ "ፍላሿን እንዳትነካት!" የሚል ድምፅ ከየትኛውም ክፍል ይመጣል።

አሁን ስለ ወንድሟ ልናገር። እናታቸው ስትሞት ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ጺሙን አሳድጎም፣ ማሙሽ ነው የምትለው። ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረችው በዚያው ላፕቶፕ ነው። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ደረስ ብሎ ሲመጣ የደም ብልቃጥ ላይ ስም በእስክሪብቶ እንደሚጻፍ፣ ሲረጥብም ቀለሙ እንደሚለቅ አየ። የማተሚያ ቤት ሰው ነውና አላስቻለው። ሥራውን ለቆ፣ የኋላ ክፍላችን ገብቶ፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ፕሮግራም ሲሠራ ከረመ። ፕሮግራሙ የበሽተኛውን ስምና የካርድ ቁጥር አውራ ጣት በምታህል ወረቀት ላይ ያትማል፤ ወረቀቷ ብልቃጡ ላይ ትለጠፋለች። ያ ብቻ ነው። ግን ቆንጆ አድርጎ ነው የሠራው፤ ዳሯ ላይ ቀጭን መስመር፣ ስሙ ጎላ ብሎ ከላይ፣ ቁጥሩ ከታች።

በዚያ ዓመት ጤና ቢሮው ስልሳ አዳዲስ ጣቢያዎች ሊከፍት ነበር። ማኅበሩ ሐሙስ የሚያደርገውን የምርጫ ስብሰባ ውጤት ተከትሎ፣ ገጹ ላይ የሚሰፍሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ እንደሚያስጭን፣ ሠሪዎቻቸውንም ለጥገና እንደሚቀጥር አስታወቀ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ማሙሽን፣ "እስከ ዓርብ ቦታህን እይዝልሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለሁበትም" ብሎታል። እናም ሁሉም ነገር ሐሙስ ላይ ተንጠለጠለ።

ባለቤቴ፣ "ወንድሜ ነው፤ ሌላ ሰው ይሞክረው" ብላ ለማኅበሩ ጽፋ ነበር። የሳቅ ምልክት አስቀድመው፣ "ለወንድምሽ ካንቺ የባሰ ማን ይገኛል?" አሏት።

ሰኞ ከሰዓት ሞከረችው። ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"ውጣ" አለችው።

"ምንም አልናገርም እኮ፣ እቴ!"

"አፍህ ባይናገር ፊትህ ይናገራል። ውጣ።"

ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ የጫማው ድምፅ ይሰማኛል። እሷ ማሽኑን አጥፍታ፣ ከቀይዋ ፍላሽ አስነሥታ፣ መመሪያውን በጣቷ እየተከተለች ጫነች። ለሙከራ በሽተኛ ስትፈልግ የኔን ስም ጻፈች።

"ምኔን አመመኝ?" አልኳት።

"ወሬ። ብዙ ጊዜ ሆኖታል።"

ፕሪንተሩ እንደ ማጉረምረም ብሎ ወረቀቷን አወጣ። ስሜ ጥርት ብሎ ወጥቷል። አንሥታ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችውና ሪፖርቱ ላይ "አልፏል" ብላ ጻፈች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ግን በሩን ስትከፍትለት የወንድሟን ጭንቅላት ዳበስ አድርጋ ነው ያለፈችው። ማሙሽ ከደስታው ብዛት እኔን አቅፎ ሊያነሣኝ ሞክሮ ወገቡን ያዘው።

ማክሰኞ አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ከአንድ ሩቅ ጣቢያ፣ ባለቤቴ በአካል የማታውቃት ነርስ ናት። ደብዳቤው ስለ ማሙሽ ፕሮግራም አልነበረም፤ ገጹ ላይ ከሰፈረ ሁለት ዓመት ስለሆነው የቀጠሮ ካርድ ማተሚያ ነው። ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

"'እትዬ ባዶ፣ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም። መመሪያችሁን ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ደገምኩት። ስክሪኑ ላይ ስሙ ደህና ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ ሆኖ ይወጣል። ገጹ ላይ ተሞክሯል ስለሚል ፕሪንተሩ ነው ብዬ አስፈትቼ አስጠግኜው ነበር። ያው ነው።'"

ከደብዳቤው ጋር ፎቶ ነበረው። የቀጠሮ ካርድ ነው፤ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። የስሙ ቦታ ላይ ግን የተደረደሩ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ብቻ።

ባለቤቴ፣ "ማሽኑ ከየት የመጣ ነው?" ብላ ጻፈችላት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ "ቢሮው የላከልን አዲስ ነው። ከካርቶን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።"

ባለቤቴ ቆርቆሮውን ከፍታ፣ ቀይዋን ፍላሽ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንደምታይ አየቻት። ምን ሆንሽ ብላት ምንም አለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ያ "ምንም" ምን ማለት እንደሆነ አላጣውም።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች።

"የኮምፒውተር ሻጩ ሱሪ አልቋል?" አለችኝ።

"ለነገ ነው ያልኩት።"

"ዛሬ ጨርሰው። አብረን እንወስድለታለን።"

ሻጩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ሆዱ በየዓመቱ ስለሚጨምር ሱሪ ሳሰፋለት የምኖር ደንበኛዬ ነው። ሱሪውን ተቀብሎ ሳይጨርስ፣ "ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ ለአንድ ሰዓት ስጠኝ። እዚሁ ባንኮኒህ ላይ" አለችው።

"እትዬ፣ ካርቶኑ የተከፈተ ዕቃ ማን ይገዛኛል?"

"ሰው የተኛበት አልጋ አደረግከው እንዴ! መልሼ አጠፋዋለሁ።"

"ሱሪ ሌላ፣ ካርቶን ሌላ..."

"የባለፈው ሱሪህ ቂጡ ተተርትሮ በእሑድ ቀን ሱቅ ያስከፈትከን አንተ ነህ ወይስ ሌላ?"

ካርቶኑን ከፈተ።

የማሙሽን ፕሮግራም ከመመሪያው እያነበበች ጫነች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንዳንድ ደንበኛ እየገባ ዋጋ ጠይቆ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ስሜ ጥርት ብሎ ታየ፤ ትንፋሼን ለቀቅኩ። የሻጩን ፕሪንተር ገጠመችና አዘዘችው።

ወረቀቷ ወጣች። ቀጭኑ መስመር አለ። የካርድ ቁጥሩ አለ። ስሜ የነበረበት ቦታ ላይ ስድስት ሳጥን።

ሻጩ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ፕሪንተሬ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የሱ ነው እንዳትይኝ" አለ። "ፎንት ነው። ማሽኑ ለማተም ፊደሉ የለውም።"

"አውቃለሁ" አለች።

እዚያው ቆማ ገጹ ላይ ካሉት ሰባት ፕሮግራሞች ወረቀት የሚያትሙትን ሦስቱንም ሞከረች። ሦስቱም ሳጥን። ማሽኑን አጥፍታ፣ መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስገብታ፣ ፕላስቲኩን ሳይቀር እንደነበረ አጠፈችለት።

መንገድ ላይ ነው የነገረችኝ። ፎንት የሚሉት የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘ ፋይል ነው፤ ስክሪኑ የራሱ ፊደል አለው፤ ለማተም ግን ፎንቱ ማሽኑ ላይ መጫን አለበት፤ እሱ ከሌለ ፕሪንተሩ በፊደል ፈንታ ሳጥን ያወጣል። ከስድስት ዓመት በፊት ማሙሽን ስታስተምረው፣ ልጁ ከማተሚያ ቤት የሚወደውን ፎንት አምጥቶ ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ነበር።

"ስሙን በትልቁ አትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ትዝ ይልሃል? ደስ ብሎት ነበር" አለች። "እኔ ንጹሕ ቅጂ ብዬ ፍላሿ ላይ ያስቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፎንቱ አብሮ ገብቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ ማሽን ስል ባዶ አልነበረም።"

"እስካሁን እንዴት ሳይታወቅ?"

"የየጣቢያው ማሽን ከኛ ቅጂ የተዘጋጀ ነበራ። ፎንቱ ሁሉም ላይ አለ። አሁን ግን ቢሮው አዲስ እየገዛ ነው።" ትንሽ ሄዳ ቆመች። "ስልሳ ጣቢያ።"

ቤት ስንገባ ማሙሽ ሸሚዙን ለነገው እየተኮሰ ነበር። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አያት። ቀና ብሎ እሷን አየ።

"የት ነው ይሄ?"

"ከካርቶን የወጣ ማሽን።"

መተኮሻውን አቆመ። ነገሩ እስኪገባው ጊዜ አልወሰደበትም፤ ጎበዝ ልጅ ነው። "አንድ ፋይል ነው፣ እቴ! ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብሬ እልከዋለሁ። አሥር ደቂቃ!"

"ሙከራው ሰኞ ተጀምሯል። የተነካ ነገር አይቀርብም።"

"ያንቺ ደንብ!"

"የኔ።"

"ደንቡን ያወጣሽው አንቺ፣ ማሽኑን ያበላሸሽው አንቺ። የምወድቀው ግን እኔ?"

"አዎ" አለችው።

እሱ የጠበቀው ክርክር ነበር መሰለኝ፤ "አዎ" ሲመጣበት ሸሚዙን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"እሺ ስሚኝ። ነገ ይለፍ። ዓርብ ጠዋት አስተካክለዋለሁ። የሦስቱንም ሠሪዎች በጎን ንገሪያቸው፣ እነሱም ያስተካክሉ። ማን ያውቃል?"

"ፕሪንተር ያስፈታችዋ ሲስተር ታውቃለች።"

"ለሷ ፋይሉን ላኪላት፣ በቃ!"

እኔም ከሱ ጋር ነበርኩ፤ አልክድም። "በአንድ ቀን ልዩነት ሁሉም የሚስተካከል ከሆነ ምን ይጎድላል?" አልኳት። ስምንት ወር ልጁ የበላውን፣ ያልተኛውን አይቻለሁ።

ወደ እኔ ዞረች። "ቢሮው ፕሮግራሞቹን የሚወስደው ነገውኑ ነው። ዓርብ የሚስተካከለውን ለስልሳ ጣቢያ ማን እየዞረ ይቀይርላቸዋል? ሁለት ብልቃጥ አስብ። ሁለቱም ላይ ሳጥን። የትኛው ነው ያንተ?"

"ቁጥሩ አለ አይደል እንዴ" አለ ማሙሽ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ቁጥር ይሳሳታል። ሲሳሳት የሚያድነው ስሙ ነው።"

ማሙሽ ሸሚዙን እንደተጨማደደ ይዞት ወደ ኋላ ክፍል ገባ። እራት ጠራሁት፤ አልመጣም። እሷም ሳህኗን አልነካችም። ነገ ምን ልትይ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም የምትነግረኝ አይመስለኝም። ሪፖርቱ አሁንም "አልፏል" እንደሚል ግን አይቼ ነበር።

ስብሰባው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በኮምፒውተር ነው። ሱቁን ዘጋሁ። ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻልኩ መተኮሻውን አግዬ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ዘረጋሁ። ማሙሽ ከኋላ ክፍል ወጥቶ ስፌት መኪናዬ ወንበር ላይ፣ ካሜራው በማያሳየው በኩል፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ልብሱን ለብሷል። ቦርሳው እግሩ ሥር ነው።

ስክሪኑ ላይ ስምንት ፊት አለ። ድምፅ የሚሰጡት ባለቤቴን ጨምሮ ሰባት ናቸው። ሰብሳቢውን ዳኛው ይሉታል፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቶቹን ያሻሻል። ሁሌ ስብሰባ ቶሎ እንዲያልቅ የሚፈልግ አንድ ጎልማሳ አለ፣ ጥድፊያ ይባላል። ስምንተኛዋ ለመታዘብ የገባች የቢሮው ኃላፊ ናት።

"እትዬ ባዶ" አለ ዳኛው፣ "ዛሬስ በወንድምሽ የምትኮሪበት ቀን መሰለኝ። ሪፖርትሽን እንስማ።"

"ሪፖርቱን ቀይሬዋለሁ" አለች። ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። "ሰኞ አልፏል ብዬ ነበር። ወድቋል።"

የማሙሽ ጀርባ አልተነቃነቀም።

"ይቅርታ፣ አልገባኝም" አለ ጥድፊያ። "አልፏል ወይስ ወድቋል?"

"በኔ ማሽን አልፏል። የኔ ማሽን ግን ባዶ አልነበረም። ስድስት ዓመት ባዶ አልነበረም።"

ስለ ፍላሿ፣ ስለ ፎንቱ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ ሱቁ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ካርድ ስታነብ እንደምታነበው፣ ሳትቸኩልና ሳታስረዝም። ስትጨርስ ከአንዱ ቤት፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ውሻ ጮኸ።

"ሦስቱ ዛሬ ከገጹ ይውረዱ" አለች። "የወንድሜ አይግባ። ሞካሪ በሚለው ቦታ ላይ የኔ ስም ይሰረዝ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ጥድፊያ። "ሦስት በአንድ ቀን? እንግዳችን እየሰሙ? ሰዎቹ ፋይሏን እስኪጨምሩ አንድ ማስታወሻ ከሥር እንጽፍና እናቆያቸው። አሁን ካወረድናቸው ቢሮው ነገ ሄዶ የሚሸጥ ፕሮግራም ይገዛል፤ ያኔ ማን ተጠቀመ?"

የቢሮው ኃላፊ ማይክሮፎኗን ከፈተች። "እኔም ልጠይቅ። ከወረዱ ገጹ ላይ ስንት ቀረ?"

"አራት" አለች ባለቤቴ።

"እኛ እኮ ቢያንስ ሰባት ብለን ደብዳቤ አውጥተናል።"

"ደብዳቤያችሁ ላይ ያለውን አላውቅም። አራት ናቸው።"

"ማስታወሻ ብንጽፍስ?" አለ ጥድፊያ እንደገና። "ማንበብ የሚችል ያነባል።"

"ያቺ ሲስተር ማንበብ ትችላለች። ሦስት ጊዜ አንብባ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ለምን? ገጹ ላይ እኛ እንመክራለን ስላልን። እኛን አምና ራሷን ጠረጠረች።" እዚህ ላይ ብቻ አቁማ ውኃ ተጎነጨች።

ዳኛው ጣቶቹን አሻሸ። "ለወንድምሽ ካንቺ የባሰ የለም ብለን ቀልደን ነበር" አለ። "ለራስሽም ትብሻለሽ። በሉ፣ ድምፅ።"

እሷ ድምፅ አልሰጥም አለች። ከቀሩት ስድስት ሁለቱ ይቆዩ ሲሉ እጅ አወጡ። አራቱ ይውረዱ አሉ፤ ከአራቱ አንዱ ከወረዱት ፕሮግራሞች የአንዱ ሠሪ ነበር፤ እጁን ያወጣው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የቢሮው ኃላፊ መሥሪያ ቤቷ ውሳኔውን ለስድስት ወር እንደሚያዘገይ ተናግራ ተሰናበተች።

ላፕቶፑን ዘጋችው። ክፍሉ ውስጥ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል።

"ጋሼ፣ ሱሪው" አለኝ ማሙሽ። ጠዋት ከተነሣ በኋላ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። ዘወር ስል መተኮሻው የሰው ሱሪ ጉልበት ላይ ቡናማ ቅርጹን ትቷል። መተኮሻውን አንሥቼ ቀና ስል በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ቦርሳውም የለም።

ባለቤቴ አልተከተለችውም። ቀይዋን ፍላሽ ከቆርቆሮው አወጣች። ትሰብራታለች ብዬ ነበር። መለኪያ ምልክት የማደርግበትን ነጭ ፕላስተር ቆርጣ ለጠፈችባትና በእስክሪብቶ "ባዶ አይደለችም" ብላ ጻፈችባት። መልሳ ቁልፎቹ መሀል ጣለቻት። አሁንም እዚያው አለች።

ማሙሽ ዓርብ ማተሚያ ቤት ገባ። ሞካሪነቱን ማኅበሩ ለዚያች ነርስ ሰጠ፤ ሐሳቡን ያቀረበችው ባለቤቴ ናት። "ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ሦስት ጊዜ የምትደግም ሰው ነው የሚያስፈልገው" አለቻቸው። ከየዙሩ በፊት ካርቶኑ ያልተከፈተ ማሽን መዋስ ግዴታ ሆነ።

ለአምስት ወር ልጁ እግሩን ወደኛ አላነሣም። እሷም አልደወለችለትም። በየሁለት ሳምንቱ ግን እኔን፣ "የሚያሳጥረው ሸሚዝ የለውም? ጠይቀው እስቲ" ትለኛለች። እጠይቀዋለሁ። የለኝም ይላል። ስልኩን ሳይዘጋ ግን፣ "ደህና ናት?" ይላል።

በስድስተኛው ወር ፕሮግራሙን ፎንቱን ጨምሮ እንደገና አቀረበ። ነርሷ ሞከረችው፤ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ አለፈ። ያን እሑድ እኔ እየተኮስኩ፣ እሷ በስተግራ ተቀምጣ ሳለን ገባ። የሚቀመጥበት አጥቶ ቆመ።

"ሱሪው አሁንም ይቀቀላል?" አለ።

"እየባሰበት ነው" አለችው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። ከዚያ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው። ስለዚያ ሐሙስ ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም ሲያነሡ አልሰማሁም።

ሕመሟን አልጽፍም። አጭር ነበር። ሆስፒታል በተኛች በሁለተኛው ቀን አንዲት ወጣት ነርስ ደም ልትቀዳ መጣች። ቀድታ ስትጨርስ ከጋሪዋ ላይ አውራ ጣት የምታህል ወረቀት አንሥታ ብልቃጡ ላይ ለጠፈች። ዳሯ ላይ ያለውን ቀጭን መስመር አወቅሁት። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ነርሷን ለአፍታ ብልቃጡን እንድታሳየኝ ለመንኳት፤ ግራ ገብቷት ወደ ብርሃኑ ያዘችልኝ።

ማሙሽ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ነርሷ ብልቃጡን ይዛ በፊቱ ስታልፍ በዓይኑ ተከተላት፤ ማንበብ ግን አልደረሰበትም።

"ጋሼ፣ አየኸው?"

"አየሁት።"

"ሳጥን አለበት?"

"የለበትም።"

"የአባታችንም ስም?"

"የአባታችሁም" አልኩት። "እያንዳንዱን ፊደል አንብቤዋለሁ።"